የቅዳሜው ሥጋ

ፕሮፌሰሩ ሰኞ ጠዋት የላቦራቶሪው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተፈንክቷል። የተመቱበት የጋዝ ሲሊንደር መፍቻ ታጥቦ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ውስጥ ተቀምጧል። ፖሊሶቹ ደስ አላቸው፤ ድሃ እጅ ከገባ ምርመራ ምን ያደርጋል? ሴትዮዋን በካቴና አስረው ኮሪደር ላይ ጎለቷት።

«መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሥራው ነበር።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«ከሰው አንገት ደም ቧንቧ በቀዶ ጥገና የወጣ የስብ ቅርፊት እናጠናለን» አለ የፕሮፌሰሩ ምክትል። «ለምን እንደሚቆጣ፣ በምን እንደሚበርድ። ቆራርጠን ሳህን ላይ፣ ሳህኑን ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ እናደርገዋለን። ፈሳሽ ከቀየሩለት ቀናት ይኖራል።»

«ከሰውየው ወጥቶም ይቆጣል?»

«ይቆጣል።»

«ከባለቤቱ ባሰ በለኛ። ፕሮፌሰሩ የተመቱት ቅዳሜ ነው ይላል ሐኪሙ፤ የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ከዓርብ ወዲህ እዚህ አልረገጥኩም።»

የፕሮፌሰሩ የእህት ልጅ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። እሱም እዚያው ተመራማሪ ነው።

«እኔም አልመጣሁም» አለ። «ዓርብ ግን ከጋሼ ጋር ተጣልቻለሁ፤ አልደብቅዎትም። የእሱን የዘጠኝ ዓመት ጥናት በእኔ ስም ሊያወጡት ሲሉ ነውር ነው አልኳቸው።» በአገጩ ምክትሉን አመለከተ።

መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ወደታሰረችው ሴት ወጣች።

«እትዬ፣ መፍቻው ባልዲዎ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ብልህ ብሆን እዚያ አልተወውም፤ ጅል ብሆን አላጥበውም። አስቢው እንጂ ልጄ። ሦስት ልጆች ቤት ይጠብቁኛል፤ ከእኔ በቀር የሚያጎርሳቸው የለም። ዛሬ ካደርኩ በር ላይ ነው የሚያድሩት።»

መርማሪዋ የሥራ መዝገቡን አነበበች፣ ማሞቂያ ሣጥኑን ከፍታ ሳህኖቹን ቆጠረች፣ ሁለት ቦታ ስልክ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች፤ እስረኛዋንም ጭምር።

«መዝገቡ ዓርብ ማታ ዐሥራ ሁለት ሳህን ይላል» አለች። «ሣጥኑ ውስጥ ያለው ዐሥራ ስምንት ነው። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት የሆስፒታሉ መልእክተኛ ከአንገት የወጣ አዲስ ሥጋ ለፕሮፌሰሩ አስረክቧል። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ደግሞ የተመቱት ከሰባት ሰዓት በፊት ነው ይላል። እትዬ መጥረጊያ እንጂ የላቦራቶሪ ቢላዋ ይዘው አያውቁም። ሥጋውን ማን ከተፈው?»

«ራሳቸው ይሆናሉ» አለ ምክትሉ።

«የተጨመሩት ስድስት ሳህኖች ክዳን ላይ በማሽን የታተመ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወንድ፣ ሰባ አንድ ዓመት ይላል። ከሥጋው ጋር የመጣው ወረቀት ግን ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ የበሽተኛ ምስጢር ነው። ዕድሜውን የቀዶ ሐኪሙ በስልክ ተናገረ፤ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት። ለማን እንደተናገረ ጠየቅሁት።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ላንተ።»

«ከቤት ነው የደወልኩት።»

«በስምንት ሰዓት ፕሮፌሰሩ ወለሉ ላይ ናቸው። አንተ ቤት ከነበርክ ክዳኑ ላይ ማን ለጠፈው?»

ምክትሉ እጆቹን አያቸው።

«ሥጋው ቶሎ ካልተከተፈ ይሞታል» አለ። «እንደዚያ የተቆጣ ናሙና በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው።»

«ፕሮፌሰሩም ገና አልሞቱም ነበር። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ከተመቱ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ተንፍሰዋል ይላል። እግርህ ሥር ነበሩ።»

«ሰምቻለሁ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥብኝ ሬዲዮ ከፈትኩ።»

መርማሪዋ ካቴናውን ከሴትዮዋ እጅ ፈትታ ለምክትሉ አጠለቀችለት።

«የተማረ ይግደለኝ የሚል ካለ አድራሻውን እሰጠዋለሁ» አለች ሴትዮዋ አንጓዋን እያሸች። ደህና ዋሉም ሳትል ወደ ልጆቿ ሄደች።

ምክትሉ በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ፕሮፌሰሩ የእህት ልጅ ዞረ።

«ፈሳሹ ዛሬ መቀየር አለበት። አደራህን፣ ዘጠኝ ዓመት ነው።»

ልጁ ሄዶ የማሞቂያ ሣጥኑን ሶኬት ነቀለ።

ምክትሉ ያን ጊዜ አለቀሰ።