የዋቅጅራ ተተኪ

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከሆነ ምላሴ እንደ ጨው ይድረቅ! የምትጠራጠሩ ካላችሁ ምስክር አለኝ፤ የሬዲዮ ሠራተኛዋ ሐዋ መሐመድ። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት በጦር ሜዳም ነበረች፣ ውሃው ሊቆም በነበረበት ቀንም ነበረች። ሂዱና እሷን ጠይቋት።

አዲስ አሳሌ ከባሕር ወለል በታች በጨው ሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከላይ የተዘረጋላት ድንኳን አንድ ክፍለ ሀገር ሸፍኖ ይተርፋል። ከድንኳኑ ውጭ የቀትር ሙቀት የግመልን ጥላ ሳይቀር ያቀልጣል። ሕዝቡን በሕይወት የሚያቆየው ከተራራ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚጠብቁት ደግሞ ንቁዎች ናቸው። ንቁ ማለት እንደ ዘብ በተራ ቆሞ አንድ ማሽን የሚጠብቅ፣ የሚያስብና የሚናገር ሶፍትዌር ነው።

የንቁዎቹ የክትትል ክፍል ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ነበር። ሌላው በአምስት ዓመት የሚማረውን የሶፍትዌር ትምህርት ጓንጉል ከሠራዊቱ ሲሰናበት በሦስት ሳምንት ጨረሰው፤ አንዱን ሳምንት ደግሞ ታሞ ነበር። መምህራኑ ከምረቃው በኋላ እሱን ነበር የሚጠይቁት።

በየጠዋቱ ንቁዎቹን እንደ ሻለቃ ጦር በስም ይጠራቸዋል።

«ዳኜ!»

«አቤት!»

«ዋቅጅራ!»

«አቤት!»

ስሞቹ የሞቱ ጓዶቹ ስሞች ናቸው። ዋቅጅራ «አቤት» ሲል ጓንጉል ጉሮሮውን ጠርጎ ይቀጥላል።

የዘብ ሕጉንም ያስተማራቸው እሱ ነው። «ተተኪህ ስሙን ነግሮ ሳይረከብህ ከቦታህ ንቅንቅ አትልም። ተተኪህ ሰው ከሆነ ደግሞ እዚያው ክፍልህ ገብቶ ይንገርህ። በሬዲዮ የመጣ ድምፅ አትመን፤ ጠላትም ሬዲዮ አለው።»

ሕጉ የመጣው ከአንድ ኮረብታ ነው። ሰውየው ዋቅጅራ እዚያ ዘብ ቆሞ ሳለ ውጊያ ተከፈተ። ተተኪው ጓንጉል ነበር። በጥይት ዝናብ ውስጥ ሦስት ኪሎ ሜትር በደረቱ ተሳበ፤ የደረሰው ግን ሁለት ትንፋሽ ያህል ዘግይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ጓንጉል የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ፣ በሰዓቱ መድረስ።

ቀኑ መጣ። ቀትር ላይ ኢንጂነር ፍኖት ከስክሪኗ ቀና ብላ፣

«ሃምሳ አለቃ፣ ዋቅጅራ አላስረክብም አለ» አለች።

«ለማን?»

«ለዳኜ። ማለቴ... ጠዋት የዳኜን ስም በቁጥር ቀይሬው ነበር። ቁጥር ይሻላል ብዬ።»

«ቁጥር! ቁጥር ዘብ ይረከባል እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

በድምፅ ማጉያው የዋቅጅራ ድምፅ መጣ። «ተተኪዬ አልደረሰም። ማሽኔ ያለ ዕረፍት ሠርቶ እየጋለ ነው። በቦታዬ አለሁ።»

ማሽኑ ከተቃጠለ የቀዝቃዛው ውሃ ቫልቭ ይዘጋል። በግድ ቢያጠፉትም ይዘጋል፤ ለመክፈት ደግሞ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በታችኛው ሰፈር ያሉት ዘጠኝ ሺህ ሰዎች ያለ ቀዝቃዛ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃም አይቆዩም።

«ስሙን ልመልስ?» አለች ፍኖት።

«ዋቅጅራ ስሙ አንዴ የተለወጠን አያምንም። እንዳያምን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ ጓንጉል። ተነሳ። «ሐዋ፣ በሬዲዮ ተከታተዪኝ።»

«እሰማሃለሁ፣ ጓንጉሌ» አለች ሐዋ።

የማሽኑ ክፍል ሙቀት ዘጠና ዲግሪ ደርሶ ነበር። ጓንጉል በዚያ እሳት ውስጥ ገባ! ቅንድቡ ነደደ፣ የጫማው ሶል ከወለሉ ጋር ተጣበቀ። «ዋቅጅራ! ጓንጉል ነኝ! ተረክቤሃለሁ!» ብሎ ጮኸ። ንቁውም «ተረከብ፣ ወንድሜ» ብሎ ዝም አለ። ጓንጉል የጋለውን ቫልቭ በባዶ እጁ ጨብጦ ክፍት እንዳለ ቆለፈው። ዘጠኝ ሺህ ሰው ተረፈ።

በማግሥቱ ግምገማ ሆነ፤ ይህንንም ከሠራዊቱ ያመጣው ጓንጉል ነው። ሰው አይከሰስም፣ የሆነው ብቻ ይነገራል፤ በዕድሜ ታናሹ ይጀምራል። ፍኖት «ስሙን ሳላማክር የቀየርኩት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። ጓንጉል ቀጥሎ ተነሳና፣ በፋሻ የተጠቀለለ መዳፉን ከፍ አድርጎ፣ ልክ እኔ እንደነገርኳችሁ ተናገረ። አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ።

ጭብጨባው ሲበርድ ሐዋ ሳትነሳ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች።

«ጓንጉሌ፣ እጅህን ያቃጠለህ የበሩ እጀታ ነው። ጨበጥከው፣ ለቀቅከው። በሩ አልተከፈተም።»

ጓንጉል እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ።

«ቫልቩን ማን ቆለፈው ታዲያ?» አለች ፍኖት።

«ራሱ ዋቅጅራ። እየተቃጠለ እያለ ቆለፈው። ይህን ማንም አላስተማረውም።» ሐዋ መዳፎቿን ተመለከተች። «ኮረብታው ላይም ከምሽግህ አልወጣህም፣ ጓንጉሌ። ሁለቱንም ጊዜ ሬዲዮው ላይ ነበርኩ። ሁለቱም ዋቅጅራዎች እስከ መጨረሻው ያሉት አንድ ነገር ነው።»

ማንም አልጠየቃትም። እሷ ግን ነገረችን።

«‹ተተኪዬ መንገድ ላይ ነው› ነበር የሚሉት።»