የስለት ጸጉር

የሞተን ሰው ጸጉር ማን ይላጫል? ለምንስ?

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ዳር ከሽንኩርት ማሳ አጠገብ ባለ ቤት፣ ደረጄ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ሰባት ዓመት ምላጭ ያልነካው፣ ትከሻው ላይ ይወርድ የነበረው ጸጉሩ የለም። የስለት ጸጉር ነበር። አጣዬ ስትቃጠል ከጎኑ አራት ሰው ወድቆ እሱን ጥይት ያልነካው በጸጉሩ ነው ይባላል። ጥንት ኃይላቸው ጸጉራቸው ውስጥ ስለነበረ ጀግኖች የሚተረተው ሁሉ፣ ከቀወት እስከ ደብረ ሲና ለእሱ ይወራለት ነበር።

ኢንስፔክተር ሐጂራ ስትደርስ ወንድሙ ሚኪያስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምኑን ትመረምሪዋለሽ? የላጨው ነው የገደለው። ጸጉር አስተካካዩ እዮኤል ነው። ባጃጅ ተራው ላይ ሰው እየሰማ ‹አንድ ቀን ተኝተህ አገኝሃለሁ› ብሎታል።»

«ሲቀልድ ነው» አለች የደረጄ እጮኛ ቤተልሔም። «ደረጄም ስቆ ‹መቀስህ ይሰበራል› አለው።»

«አንቺም ለሠርጉ ተቆረጥ እያልሽ ስትነዘንዢው ነበር።»

«ብዬዋለሁ። ቅማሉ አላስተኛ ብሎት ነበራ።»

ሐጂራ ቀና ብላ አየቻት። «እዮኤል የት ነው?»

«ወደ አጣዬ ሸሸ» አለ ሚኪያስ። «ንጹሕ ሰው ይሸሻል?»

«አንተን ያየ ይሸሻል» አለችው ሐጂራ።

ወደ አስከሬኑ አጎነበሰች። ምላጩ ሦስት ቦታ ቆርጦታል፤ ደም ግን የለም። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። ትራሱ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለው። መሬቱ ላይ አንድም የጸጉር ዘለላ አልወደቀም።

እናቱ ደብሪቱ ጥግ ተቀምጠው ላባቸውንና ምራቃቸውን ደጋግመው ይጠርጋሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«አመመዎት እማማ?»

«ሐዘን ነው ልጄ።»

ሐጂራ ወደ ጓሮ ዞረች። ማንጎው ሥር አዲስ የተቆፈረ አፈር አለ፤ ዙሪያውን ጉንዳኖች ሞተው ተበትነዋል። በእንጨት ስትጭረው በነጠላ የተጠቀለለ ጸጉር ወጣ።

ተመልሳ ሦስቱንም በአንድነት አስቀመጠቻቸው።

«ቁስሉ አልደማም፤ የተላጨው ከሞተ በኋላ ነው። የገደለው ጸጉሩ ላይ የፈሰሰው የሽንኩርት ተባይ መድኃኒት ነው፤ በቆዳ ይገባል። በእጁ የነካው ሰውም ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ጠላት ቢሆን ጸጉሩን በትኖት ይሄድ ነበር። ይህን ጸጉር ግን አንድ ዘለላ ሳያስቀር ለቅሞ በነጠላ የጠቀለለው ሰው ደረጄን ይወደው ነበር።»

ወደ እናትየው ለማየት ማንም አልደፈረም።

«ስለት አይቆረጥም» አሉ ደብሪቱ። «ቅማሉ ሊገድለው ሆነ። ሽንኩርቱን ትል ሲፈጅብን ያ መድኃኒት ነው ያተረፈልን። ማለዳ ቀብቼ በፌስታል አሰርኩለት። እንቅልፍ ሲወስደው ደስ አለኝ። ኋላ ብጠራው ዝም አለኝ። መድኃኒቱ ከጸጉሩ ጋር የሚወጣለት መስሎኝ ላጨሁት። ይነቃል ብዬ።»

«ለምን ዝም አልሽ፣ እማዬ?» አለ ሚኪያስ።

«‹የላጨው ነው የገደለው› ስትል አፌ ተያዘ።» ወደ ሐጂራ ዞሩ። «ስለቱን ስላፈረስኩ ነው የሞተው?»

«አይደለም እማማ።»

ቤተልሔም እጃቸውን በሳሙና አጥባ፣ ልብሳቸውን ቀይራ ሆስፒታል እንድትወስዳቸው ሐጂራ አዘዘች።

«እዮኤል ላይ ሁለት የአጎቴን ልጆች በሞተር ልኬበታለሁ» አለ ሚኪያስ።

«ደውልላቸው።»

ደወለ። ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ።

ሐጂራ አጣዬ ላሉት ባልደረቦቿ ነገረች። ከዚያ የእዮኤልን ቁጥር ሞከረች፤ ይጠራል፣ አያነሳም። ጻፈችለት፦ «ንጹሕ መሆንህ ታውቋል። ሰው የበዛበት ቦታ ግባና ያለህበትን ንገረኝ።»

ደረጄ ሰኞ ተቀበረ፤ ጸጉሩም አብሮት። የሐጂራ ስልክ ለእዮኤል የላከችው መልእክት ደርሷል ይላል። መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም።