የውኃልክ መስታወት

ሰውየው ሞቷል፤ ማሽኑ ግን ይጮኻል። ጢጥ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጢጥ ይላል።

ጠባቧ ክፍል ውስጥ በጀርባው የተዘረጋው ሬሳ ጡረተኛ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ነበር። የተንጋደደ ግድግዳ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ስለማይሆንለት ሰፈሩ ሁሉ «ውኃልክ» ይለዋል። ቀኝ እጁ ክዳኑ በተከፈተ ማሽን ላይ ወድቋል። ከውጭ ደመናው ከብዶ እኩለ ቀኑን አመሻሽ አስመስሎታል።

የጣቢያው አዛዥ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«ኤሌክትሪክ ነው የገደለው» አለ። «ዕቃውን የሸጠውም የገጠመውም ያ ጠጋኝ ነው። መኪናው ደጅ ቆሟል። እርስዎ አንዴ አይተው ይፈርሙልኝና ይዤው ልሂድ።»

መርማሪዋ አልፋው ወደ ሬሳው ሄደች። ነገር ስለምትወጋ «መርፌ» የሚሏት ሴት ናት፤ በስሟ የሚጠራት የለም። ኮምፒውተር ከፍታ አታውቅም፣ አታፍርበትምም። አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳስፈጀ ስታይ ነው የኖረችው።

ጎንበስ ብላ የሟቹን መዳፍ ገለበጠችው። የተቃጠለ ነገር የለም። ጣቷን በፀጉሩ ስር ሰደደች፤ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ረጥቧል። ጠረጴዛው ላይ አቧራ ተኝቷል፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ተወልውሎ ያበራል። የማሽኑ ክዳን ብሎኖች ዙሪያቸው በቢላ ተቧጭሯል።

ከእጅ መታጠቢያው በላይ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አየች፤ ለዓመታት አንድ ነገር ተሰቅሎበት የኖረ ነው። የተሰቀለውን ከበሩ ጀርባ፣ ከደጃፍ በማይታይ ጥግ አገኘችው። የመላጫ መስታወት ነው። ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ የጀርባው ካርቶን ተቀድዶ ተንጠልጥሏል፤ ካርቶኑ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ደም አለች።

«በሩን ዝጉት» አለች። «አንድም ሰው እንዳይገባ።»

ጠጋኙ በረንዳው ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ዓይኑን ከመኪናው ላይ መንቀል አቅቶታል።

«ይሄ ማሽን ምንድን ነው? ለሕፃን እንደምታስረዳ አስረዳኝ፤ ግን እንዳትንቀኝ።»

«ሰርቨር ነው እትዬ። የቤት ማከማቻ በሉት። ጋሼ የሠላሳ ዓመት ፎቶ ነበራቸው፣ በየፍላሹና በየአሮጌው ዲስክ የተበተነ። አንድ ቦታ ሰብስብልኝ አሉኝ።»

«ዕቃውን የመረጥከው አንተ ነህ?»

«የት አስጠግተውኝ! እኔማ ፈጣን ማሽን ላቀርብ ነበር። ‹ልጋልብበት ነው እንዴ? ፎቶ ነው የሚያድርበት› ብለው አሳፈሩኝ። ትንሽ መብራት የሚበላውን መረጡ። ዲስኩ ላይ ግን ጨከኑ፤ ሌት ተቀን ሳይቆም የሚሠራውን ዓይነት፣ ሁለት እኩል፣ ያውም ከተለያየ ሱቅ። አንድ ላይ የተሠሩ ከሆኑ አንድ ላይ ይበላሻሉ ብለው ይሰጋሉ። መብራቱን የሚያቀብለውን ፓወር ሰፕላይ አምስት ጊዜ አስመልሰውኛል። ሰው ሚስት ሲያጭ እንኳ እንዲህ አይመርጥም!»

ሊስቅ ጀመረና ሬሳው ትዝ ብሎት አፉን ያዘ።

«እሱው መብራት ነው ገደለው የሚሉት» አለች።

ጠጋኙ ብድግ አለ። «የመሬት ሽቦውን በገዛ እጄ ነው የፈተሽኩት። እትዬ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። መኪናው የቆመው ለእኔ ነው አይደል?»

«ለጊዜው ለአንተ ነው።» ለማጽናናት ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችም። «እስቲ ስለ መስታወቱ ንገረኝ።»

«እህ፣ አንዱ ዲስክ ለሌላው መስታወት ነው። አንዱ ላይ የገባ ነገር ወዲያው ሌላውም ላይ ይገባል። አንዱ ቢነቀል ያኛው ሁሉንም ይዞ ይቀጥላል። ማሽኑ ብቻ ጓደኛዬ ጎደለ ብሎ ይጮ…» አንገቱን ቀና አደረገ። እስካሁን ፍርሃት ጆሮውን ደፍኖት ኖሯል። «አንድ ዲስክ ተነቅሏል!»

«ለመንቀል ክዳኑ መከፈት አለበት?»

«በፍጹም። እንደ መሳቢያ ከፊት ለፊት ነው የሚሳበው፤ ሣጥኑንም ለዚሁ ብለው ነው የመረጡት። ክዳኑስ ቢሆን በጣት የሚፈታ ብሎን ነው ያለው።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሳሎን ገባች።

የሟች ሚስት ሶፋው ጫፍ ላይ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃለች። ጠዋት ለዓይኗ ሕክምና ወጥታ በስድስት ሰዓት ስትመለስ ነው ጉዱን ያገኘችው።

«ስለ መስታወቱ ምን ያውቃሉ?»

«እርስዎም ጀመሩኝ?» አለች ነጠላዋን አውርዳ። «ወር ሙሉ ራት ቀርቦ መስታወት፣ መስታወት! አንዱ ዲስክ ቢሞት አንዱ ይተርፋል፣ መስታወት አድርጌዋለሁ እያለ። ‹ከዲስኩ ጋር ተኛ› ብዬዋለሁ፣ በዚች በረባሽ አፌ። አሁን ማን ያሰለቸኛል?»

መርማሪዋ ለቅሶው እስኪበርድ ጠበቀች።

«ፎቶዎቹ የምን ነበሩ?»

«የሥራው ናቸው። ‹ሰኞ ይዤያቸው መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ› ብሎ ነበር። ምን አገኘህ ስለው ‹አትጠይቂኝ፣ ያመኛል› አለኝ።»

የሟች ታናሽ ወንድም በመጨረሻ ተጠራ። ሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ጃኬቱ ውድ፣ ለቅሶውም ከሁሉ የደመቀ። የግራ አውራ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ብረት ስናራግፍ ቆረጠኝ» አለ፣ ዓይኗን ተከትሎ። «ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነበርኩ። ተደውሎልኝ ነው የመጣሁት። ወንድሜን እንኳ አላሳዩኝም!»

«ክፍሉ ውስጥ አልገቡም?»

«ደፉን አልረገጥኩም። ፖሊሱ ይመስክር።»

«ስለ መስታወቱ ምን ያውቃሉ?»

ማሽኑ ጢጥ አለ።

«የቱ መስታወት? የመላጫው? ተራ መስታወት ነው እንጂ። ከጀርባውም ካርቶን ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።»

«ልክ ነዎት» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ካርቶን ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ጠባቧ ክፍል ደጃፍ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ቦታው ግን ማንም እንዳይረግጠው የፈራ ይመስል ባዶውን ቀርቷል። አዛዡ ካቴናውን በጣቱ እያሽከረከረ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ይህ ሰው በኤሌክትሪክ አልሞተም» ብላ ጀመረች። «መዳፉ እንደ ሕፃን መዳፍ ንጹሕ ነው። ማጅራቱ ነው የተሰበረው፤ የሰበረውን የጠረጴዛ ማዕዘን ደግሞ አንድ ሰው ወልውሎታል። ኤሌክትሪክ ጠረጴዛ አይወለውልም።»

አዛዡ ካቴናውን ማሽከርከር ተወ።

«እሺ፣ ጠጋኙ ገፍትሮትስ ቢሆን?»

«በጣት የሚፈታውን ብሎን በቢላ ታግሎ የፈታ ሰው ማሽኑን ገጥሞት አያውቅም። ደግሞስ ጠጋኙ ፎቶዎቹን ማጥፋት ቢፈልግ ሁለቱንም ዲስክ በወሰደ ነበር። ገዳዩ አንዱን ብቻ ነው የወሰደው። ለምን? አንዱ በቂ መስሎት ነዋ!» ዞር ብላ አየቻቸው። «ዲስኩን ነቅሎ ሊሄድ ሲል ውኃልክ አንድ ነገር አለው። ምን እንዳለው የነገረኝ ይሄ ነው።»

እጇን ከበሩ ጀርባ ሰድዳ መስታወቱን አወጣችና ጀርባውን አሳየቻቸው።

«‹መስታወቱ ላይ አለ› ነው ያለው። ሁለተኛውን ዲስክ ማለቱ ነበር። ሰሚው ግን ግድግዳውን አየ። ገፈተረው፤ ሰውየው ወድቆ ሲቀር መስታወቱን አወረደና ፎቶ ፍለጋ ካርቶኑን ቀደደ። ምንም የለም። ኤሌክትሪክ የገደለው እንዲመስል ክዳኑን በቢላ ፈታ፣ የሟቹን እጅ ማሽኑ ላይ ጣለና ሁለተኛውን ዲስክ እየጮኸ ባለው ማሽን ውስጥ፣ አፍንጫው ስር ትቶት ሄደ።»



«ለሦስታችሁም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋችሁ። ጠጋኙን ስለ መስታወት ስጠይቀው ስለ ዲስክ ነገረኝ። ሚስትም ስለ ዲስክ ነገረችኝ፣ ወር ሙሉ ሰልችቷት። አንድ ሰው ብቻ የመላጫ መስታወት አለኝ። እዚህ ድረስ አለማወቅ ወንጀል አይደለም።» ወደ ተቋራጩ አንድ እርምጃ ቀረበች። አንቱታውን ያን ጊዜ ጣለችው። «ተሰቅሎ የኖረ መስታወት ጀርባው ካርቶን መሆኑን ደፉን ያልረገጥክ አንተ በምን አወቅህ?»

«ገ… ገምቼ ነው። ሁሉም መስታወት…»

«ፕላስተሩን ፍታና ቁስልህ የብረት ይሁን የመስታወት ሐኪም ይየው። ካርቶኑ ላይ ያለውም ደም ይመርመር።»

አልፈታም። እጁን ኪሱ ከተተ።

«ልጄ፣ የቀረውን ዲስክ ክፈትልን» አለች ለጠጋኙ።

ጠጋኙ ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ከማሽኑ ጋር አገናኘ። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መጡ፤ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የተነሡ የምሰሶ ብረቶች። ሽቦ የሚያካክሉ፣ ፎቅ የማይሸከሙ ቀጫጭን ብረቶች፣ እጅግ ተራርቀው፣ አጠገባቸው የውኃልክ ሜትር ተዘርግቶ። ከፎቶዎቹ ግርጌ የተቋራጩ ሕንፃ ስም ተጽፏል፤ ሰው ከገባበት ሁለት ወሩ ነው።

«ወንድሜ አይደለም ወይ?» ብሎ ጮኸ ተቋራጩ። «ሰው በወንድሙ ላይ እንዲህ ይጨክናል? በእግሩ ወድቄ ለመንኩት! ዲስኩን ስይዝበት ሳቀ፤ ‹መስታወቱ ላይ አለልህ› ብሎ ሳቀብኝ! ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም…»

ሚስትየዋ ግን እሱን አትሰማም። ፎቶው ላይ ፈጥጣ ቀርታለች።

«እማማ!» አለች። «አንተ ሰው! የገዛ እናታችሁን እዚህ ሕንፃ ምድር ቤት አይደለም እንዴ ያስገባሃት?»

ተቋራጩ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው ድምፅ ያጣው።

አዛዡ ካቴናውን እሱ እጅ ላይ ቆለፈና ሬዲዮውን አነሣ፤ ሕንፃው አሁኑኑ ባዶ እንዲደረግ፣ ከአሮጊቷ እንዲጀመር አዘዘ።

ጠጋኙ ቆሞ ቀርቷል። ነጻ መሆኑን የነገረው ስለሌለ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም።

«አንተ፣ ምን ትገተራለህ?» አለችው መርማሪዋ። «እዚያ ዲስክ ላይ የስንት ሰው ነፍስ አለ። ሄደህ ሌላ ግዛና ቅጂ አውጣልኝ፤ ከዚህ ቤት ውጭ የሚቀመጥ።»

«ምን… ምን ዓይነት ልግዛ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «አንተ ምረጥ።»