አራት ጊዜ «እንደ ትናንቱ»

ለሰባት ወር የምግብ ሽታ በደረሳት ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር የነበረች ልጅ፣ በመጨረሻው ሳምንቷ ያቀረቡላትን ሁሉ ጠርጋ በላች። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሞታ ተገኘች። ሳህኑ ራስጌዋ ነበር፤ ከመጠረጉ የተነሳ ፊት ያሳያል። እናቷ ከሬሳው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አንድ ቃል ብቻ ትደጋግም ነበር፦ መረዟት።

ማን እንደመረዛትም ለመናገር አልዘገየችም። የባሏ እህት፣ ልጆቹ እትዬ የሚሏት፣ ከሦስት ቀን በፊት የምግብ ፍላጎት ይከፍታል የተባለ ሽሮፕ ይዛ መጥታ ነበር።

ወንፊት ተጠራ። ወንፊት የተባለው መርማሪ ከሆዱ በቀር ምንም የማያሳልፍ ሰው ነው። በአንድ ወቅት አንዱን ሌባ ከሃምሳ ሰው መሃል በማዛጋቱ ብቻ ለይቶ ያዘ ይባላል። መቃብር ላይ ጆሮውን ደፍቶ ሟቹን ስለ ገዳዩ ጠይቆ ተመለሰ የሚሉም አሉ፤ እሱ ግን ወደ መቃብሩ የሄድኩት ጥላ ፍለጋ ነው ይላል። ሆዱ ቀድሞ በሩን ገባ፤ እሱ ተከተለ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ከአልጋው ግርጌ ሰው የሚቆምበት ባለ መርፌ ሚዛን። የቤቱ አባወራ ሚዛን ጠጋኝ ስለሆነ፣ ሚዛኑ ከሱቁ የመጣ ነው። በሩ ላይ እናትየዋ በእርሳስ የጻፈችበት ወረቀት ተለጥፏል። በመጀመሪያው ቀን ቁጥር አለ። ከዚያ በታች አራት መስመር፣ አራቱም አንድ ቃል፦ «እንደ ትናንቱ»።

ወንፊት አንሶላውን ከእግሯ በኩል ገለጠ። ፊቷ እንደ ቢላ ስለት የሳሳባት ልጅ፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነበር። የካልሲዋ አፍ ያረፈበት ቦታ በክር የታሰረ ያህል ሰርጉዷል። አንሶላውን መልሶ ሸፈነ።

አክስትየዋን ጓሮ አገኛት። ጠርሙሱን እንደያዘች ነው፤ ከእጇ ለማውጣት ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረበት። የጎደለው አንድ ማንኪያ ነው።

«ቀመሰችና ‹እትዬ፣ ይሄ የበር ቀለም ነው እንዴ?› አለችኝ። ከዚያ ሳቀች። ስንት ወሯ ከሳቀች! ደግሜ አልሰጠኋትም፤ ሳቋ በቃኝ።»

ወንፊት ከጠርሙሱ አንድ ጉንጭ ተጎነጨ። አክስትየዋ ደነገጠች።

«አይዞዎት እትዬ። የበር ቀለም እንኳ ከዚህ ይሻላል። መርዝ ግን አይደለም። ይልቅ እኔን ፍላጎት ከከፈተልኝ የሰፈሩ ዳቦ ቤት ወዮለት።»

የተረፈውን ለምርመራ አሽጎ፣ ሬሳው ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ አብሮ ላከው። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገባ። እናትየዋ አንድ ትልቅ ድስት ሩዝ በወተት እያማሰለች ነበር፤ ማር ጨምራበታለች፣ እንቁላል መትታበታለች። ልጇ በሞተች በሦስተኛው ሰዓት ምድጃ ላይ መቆሟ ለሌላ ሰው ይገርመው ይሆናል። ምክንያቱ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፦ ታናሿ ልጅ። እህቷ የተወችውን ሁሉ እየተከተለች ስትተው የከረመች፣ ከሳምንታት ወዲህ ከውሃና ከሻይ በቀር ያልቀመሰች፣ እጇ እንደ ጭራሮ የቀጠነ። ዛሬ ጠዋት እህቷን አይታ «እበላለሁ» ብላለች።

«ያቺን ነጠቁኝ» አለች እናትየዋ ማማሰሉን ሳታቆም። «ይቺን ግን አልሰጥም። ዛሬ እስክትጠግብ አበላታለሁ።»

ወንፊት ለታላቋ ምን ምን እንደሰጠቻት ጠየቀ። እናትየዋ በተቆጣ ዓይን አይታው የቁም ሳጥኑን በር ከፈተች። ከውስጥ ልጅቷን የምታክመው ሐኪም የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፦ ምግቡ በጥቂቱ ይጀመር፣ በየቀኑ ትንሽ ብቻ ይጨመር፣ ክብደቷ ድንገት ከወጣ ወይም እግሯ ካበጠ ወዲያው ጥሩኝ።

«ይሄንኑ ነው ያደረግሽው እህቴ?»

ማማሰያው ቆመ። «የመጀመሪያውን ቀን። ከዚያ ሚዛኑ አልነሳ አለኝ። ልጄ እየበላች አንዲት ፍሬ አትጨምርም! እጥፍ አደረግኩላት። አሁንም እንደ ትናንቱ። በማግስቱም እጥፍ።»

«እግሯን አይተሽው ነበር?»

«ይበርደኛል ብላ ካልሲ አታወልቅም።»

«ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ማን አብሯት ነበር?»

«አባቷ። እንዳትወድቅ ከኋላዋ ተንበርክኮ ሚዛኑን ይይዝላታል። እኔ ከፊት ሆኜ አነባለሁ።»

ወንፊት ወደ ክፍሏ ተመልሶ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ለጤና ምርመራ መዝኖታል፤ ያን ቀን ሚዛኑ አቃስቷል፣ ነርሷም ይቅርታ ጠይቃዋለች ይባላል። ይሄኛው ግን ሦስት ኪሎ አቀለለው። ወንፊት በሳምንት ሦስት ኪሎ ከሳ ቢባል ሚስቱ ማቅ ትለብስ ነበር። ወረደ። ወደ አባትየው ሱቅ ተሻግሮ፣ ከመደርደሪያው ላይ ሚዛን የሚፈተሽበትን የአምስት ኪሎ ብረት አነሳ። አባትየው ፊቱ ምንም ሳይኖር በባዶ አየር ላይ ብሎን መፍቻ ያዞር ነበር። ብረቱ ሲነሳ አየና ተከትሎት ወጣ።

ወንፊት ሐኪሟን በስልክ ጠርቶ ስለነበር እሷም ደርሳለች። ሁሉም ክፍሏ ውስጥ ሲሰበሰቡ እናትየዋ ድስቱን ይዛ ገብታለች፤ ታናሿ ጎድጓዳውን ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የመጀመሪያውን ማንኪያ ሞልታ ወደ አፏ እየወሰደች ነበር።

«አስቀምጪው የኔ ልጅ» አለ ወንፊት።

እናትየዋ እንደ ነብር ተነሳች። «ልጄ ልትበላ ነው! አብደሃል?»

«አምስት ደቂቃ ስጪኝ እህቴ። ታላቂቱን የገደላት ነገር ያ ማንኪያ ውስጥ አለ።»

ማንኪያው ተመለሰ። ወንፊት ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«መርዝ አይደለም። ሽሮፑን እኔም ጠጥቼዋለሁ፣ ይኸው ርቦኛል። ረሃብም ብቻ አይደለም፤ የረሃብ ሬሳ ራስጌ የተጠረገ ሳህን አይገኝም። ነገሩን የነገረኝ እግሯ ነው። ዶክተር፣ አስረጂያቸው።»

ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት ጠፍቶ የከረመ ምድጃ ነው። ጭራሮ ነው የሚሰጡት፤ ግንድ ከጫኑበት ይታፈናል። ምግብ በአንዴ ሲገባ ደም ውስጥ የቀረችው ጥቂት ማዕድን ትመጠጣለች። ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ እግር ያብጣል፣ ልብ ይቆማል። ለዚህ ነው ክብደቷ በድንገት ከወጣ ጥሩኝ ያልኩት።»

«አልወጣም!» አለች እናትየዋ። «በየቀኑ ጽፌያለሁ!»

«ጽፈሻል» አለ ወንፊት። «አራት ጊዜ እንደ ትናንቱ። እኔ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስጠጣ እንኳ መርፌ ይነቃነቃል። ያን ሁሉ ድስት የበላች፣ እግሯ ውሃ የቋጠረ ልጅ አራት ቀን አንድ መስመር ላይ ቆመች? ሰው እንዲህ አይመዝንም። እንዲህ የሚመዝን ሰው የነካው ሚዛን ነው።»

ብረቱን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። የአምስት ኪሎው ብረት ሁለት ኪሎ ሆነ።

ዓይን ሁሉ ብሎን ማዞር ወደሚያውቀው ሰው ዞረ።

«መርፌዋ ስትወጣ ልጄ ካየች ሳህኑን ትወረውረዋለች» አለ አባትየው። «እሷ ቆማ ሳለ ከኋላ አዞርኩት። በላች። በማግስቱም አዞርኩ። በየቀኑ የማዞረው ይበዛ ነበር። እኔ… ደስ ይለኝ ነበር። እያገገመች መስሎኝ።» አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሠላሳ ዓመት የሰው ሚዛን ሳስተካክል ለማንም አንዲት ግራም አላዳላሁም። አንድ ጊዜ ዋሸሁ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» ሚስቱ የጠየቀችው ሳትጮኽ ነበር። «በየቀኑ አልነሳ አለ ብዬ ስነድ እያየኸኝ?»

«አንቺ ፊትሽ አይደብቅም። ታነብሽ ነበር።»

ሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች። «ጀርባዋን ሰጥታ መቆም ትችል ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ነው የምንመዝነው። አስታማሚው ያያል፣ እሷ አታይም። ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም።»

«ጀርባዋን መስጠት?» አለ አባትየው። «በቃ?»

«በቃ።»

አባትየው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሕጉ የሚለውን ወደፊት ይላል፤ ወንፊትም የሚጽፈውን ይጽፋል። አሁን ግን መፍቻውን ከአባትየው ኪስ አውጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት፤ «ሌላዋ ልጅህ እዚህ አለች ወንድሜ» አለው። አባትየው ሁሉም እያየው ብሎኑን መለሰ። ብረቱ አምስት ኪሎ ሆነ። ታናሿ ጫማዋን አውልቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ወጣች። አባቷ ሁለት እጁን ከኋላው ቆልፎ ራቅ ብሎ ቆመ። እናቷ አነበበች፤ ቁጥሩን ጻፈች፤ ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ሐኪሟ አምቡላንስ ጠርታ፣ ደሟ ሆስፒታል እስኪመረመር ከዚህ አያልፍም ብላ፣ ሳህኑን ወደ ድስቱ ገልብጣ ሦስት ማንኪያ ብቻ አስቀረች። ልጅቷ እህቷ ትተኛበት በነበረው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱን እንደ ድንጋይ እየዋጠች ጨረሰችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከስንት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አልጠገብኩም» አለች።

የእናትየዋ እጅ ወደ ድስቱ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ባሏ ያዘው። አምቡላንሱ በሩ ላይ እስኪቆም ድረስ አልለቀቀውም።