በአራቱም እግሩ የሚያነክሰው ውሻ

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ ጉም ውስጥ ጠፋች።

መንገድ እየመራ ወደ ቤቷ የመለሳት አንድ ውሻ ነው። ውሻው ውሸታም ነበር።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው።

ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ጉምበር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው።

ጉምበር ያለችው ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ገደሉ በጣም ጥልቅ ስለሆነ፣ ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ሰው የሚበርሩትን አሞራዎች ጀርባቸውን ያያል።

ከተማዋ መሃል አውቶቡስ ይቆማል። የትርንጎ እናት አስካለ እዚያ የተቀቀለ ድንች ትሸጣለች። ከድንቹ አጠገብ የጋሽ ልመንህ ሥጋ ቤት አለ።

አንድ ቀን ውሻው መጣ። ከየት እንደመጣ ያየ ሰው የለም።

ቀለሙ ግራጫ ነበር፤ ልክ እንደ ጉም። ጌታ የለውም። ጓደኛ የለውም። ስም እንኳ የለውም።

የፊት ቀኝ እግሩን አንጠልጥሎ ወደ ሥጋ ቤቱ ሄደ።

«ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ… ዝም።»

ሦስቱ እግሮች መሬት ይረግጣሉ። አራተኛው አየር ላይ ነው።

ጋሽ ልመንህ አዘነለት። ትልቅ አጥንት ሰጠው። «ቀርጭ! ቀርጭ! ቀርጭ!» ውሻው አጥንቱን ጨረሰው።

በማግሥቱ ውሻው ወደ አስካለ መጣ። «ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ… ዝም።» አስካለም አዘነችለት። ድንች ሰጠችው።

ትርንጎ ግን አንድ ነገር አየች። ውሻው ትናንት ያነከሰው በፊት ቀኝ እግሩ ነበር። ዛሬ ያነከሰው በኋላ ግራ እግሩ ነው።

በሦስተኛው ቀን በሌላ እግሩ አነከሰ። የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ዳቦ ወረወሩለት።

በአራተኛው ቀን በቀረው እግሩ አነከሰ።

ትርንጎ ለማንም አልተናገረችም። ዝም ብላ ቆጠረች። ውሻው በአራቱም እግሩ ተራ በተራ አንክሷል። አራቱም ደህና ናቸው።

ውሻው በየሄደበት ከተማ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ሲያነክስ ያበሉታል። ውሸቱን ሲያውቁ ያባርሩታል። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሁልጊዜ ብቻውን።

በጉምበርም ያ ቀን መጣ።

ውሻው መንገድ ላይ ያነክሳል። «ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ… ዝም።» አውቶቡሱ ከኋላው ደረሰና ጥሩምባውን ነፋ።

«ጷጷጷጷ!»

ውሻው ደነገጠ። ማንከሱን ረሳው። በአራት እግሩ ሮጠ።

«ጠፍጠፍጠፍጠፍጠፍጠፍጠፍ!»

ገበያው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ልመንህ ግን አልሳቀም። ያን ሁሉ አጥንት ያበላው ለዚህ ቀጣፊ መሆኑን ሲያውቅ ተናደደ። መጥረጊያውን አንሥቶ አባረረው።

ከዚያ ወዲህ ውሻውን ባየው ቁጥር መጥረጊያውን ያነሣል። ደግሞም አንድ ነገር ይጠይቀዋል።

«ዛሬ በየትኛው ነው?»

ልጆቹም ተማሩት። ውሻው በሄደበት ሁሉ ይከተሉታል። «ዛሬ በየትኛው ነው? ዛሬ በየትኛው ነው?»

አሁን ቢያነክስም የሚያዝንለት የለም። አጥንት የለም። ዳቦ የለም። ድንችም የለም።

አንድ ዝናባማ ቀን ትርንጎ ከከተማው ዳር አገኘችው። ድንጋይ አጥር ሥር ተኮራምቶ ይንቀጠቀጣል።

ሲያያት ቶሎ ተነሣ። የፊት ቀኝ እግሩን አንጠለጠለ።

«እሱ ደህና ነው» አለችው ትርንጎ።

ውሻው አወረደው። የፊት ግራ እግሩን አነሣ።

«እሱም ደህና ነው።»

አወረደው። የኋላ ቀኝ እግሩን አነሣ።

«እሱም ደህና ነው።»

አወረደው። የኋላ ግራ እግሩን አነሣ።

«እሱም ደህና ነው።»

የሚያነሣው ሌላ እግር አልቀረም። ውሻው ጆሮውን ጥሎ ቁጭ አለ። መጥረጊያው እስኪመጣ ጠበቀ።

መጥረጊያ አልመጣም። ትርንጎ ከጎኑ ተቀመጠች። ድንቿን ለሁለት ገመሰች። አንዱን ለራሷ ያዘች፤ አንዱን ለእሱ ሰጠችው።

«ለመብላት ማንከስ የለብህም» አለችው።

ከዚያ ከፀጉሯ ላይ ቀይ ጥብጣቧን ፈታች። የፊት ቀኝ እግሩ ላይ ዙሪያውን ጠምጥማ አሰረችለት።

እግሩ ቁስል አልነበረውም። ለምን እንዳሰረችለት እናቷ ኋላ ጠይቃታለች። ትርንጎ የመለሰችው፣ ማንም አስሮለት ስለማያውቅ ነው ብላ ነው።

ስምም አወጣችለት። ግራጬ አለችው።

ግራጬ ድንቹን ወዲያው አልበላም። ቀዩን ጥብጣብ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ትርንጎን አየ። ከዚያ በላ።

በልቶ ሲጨርስ ወደ ገደሉ በኩል ሄደ።

«ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ።»

አራት ነበር።

ገደሉ አፍ ላይ የአጋም ቁጥቋጦ አለ። አጋም እሾሃም ነው። ሰው አይጠጋውም። ግራጬ እዚያ ሥር መተኛት ጀመረ፤ ማንም የማያባርረው እዚያ ብቻ ነው።

ትርንጎ በየቀኑ ከድንቿ ግማሹን አጥሩ ላይ ታስቀምጣለች። በየቀኑ ድንቹ ይጠፋል።

ከዚያ ያ ቅዳሜ ደረሰ።

ትርንጎ ከከተማው ውጭ፣ ከሜዳው ማዶ ወዳለው የአክስቷ ቤት ሄዳ ነበር። አክስቷ አንድ እንቁላል ሰጠቻት። ዶሮዋ ገና አሁን የጣለችው ስለሆነ ይሞቃል።

ትርንጎ እንቁላሉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ቀስ እያለች። እንዳይሰበር።

ሜዳው መሃል ስትደርስ ጉሙ ከገደሉ ወጣ።

ድምፅ አልነበረውም። እንደ ትልቅ ነጭ እንስሳ እየተሳበ ወደ ላይ መጣ።

መጀመሪያ ዛፎቹን ዋጠ። ቀጥሎ መንገዱን ዋጠ። ቀጥሎ የትርንጎን ጫማ ዋጠ።

ትርንጎ ቆመች። ከፊቷ ነጭ ነው። ከኋላዋ ነጭ ነው። ከላይም ነጭ ነው። ዓለም በሙሉ ጠፍቶ፣ የቀረው እሷና ትኩሱ እንቁላል ብቻ ይመስል ነበር።

ከተማው ውስጥ አስካለ ልጇ አለመመለሷን አየች። ትሪ ይዛ መደብደብ ጀመረች። ጋሽ ልመንህም በርሜል ደበደበ። ትርንጎ ድምፁን ተከትላ እንድትመጣ ነው።

«ኳ! ኳ! ኳ!»

ትርንጎ ሰማች። ደስ አላት። ወደ ድምፁ መሄድ ጀመረች።

ነገር ግን ድምፁ ከከተማው ተነሥቶ፣ ጉሙን አልፎ፣ ከገደሉ ማዶ ካለው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይመለስ ነበር። ትርንጎ የምትሰማው ከገደሉ የሚመለሰውን ነው።

«ኳ! ኳ! ኳ!»

አንድ እርምጃ ሄደች። ሌላ እርምጃ ሄደች። እግሯ እየሄደ ያለው ወደ ገደሉ ነው። እሷ ግን አታውቅም።

በድንገት ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። «ኮሽ! ኮሽ! ኮሽሽሽ!» አጋሙን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ አንድ ነገር ዘሎ ወጣ።

ከፊቷ ቀይ ጥብጣብ ቆመ። ሌላ ምንም አይታይም፤ ጥብጣብ ብቻ። ትርንጎ ጎንበስ ብላ ስታይ ግራጬ ነው።

ሄዳ ልታልፈው ስትል መንገድ ዘጋባት። በሌላ በኩል ስትሞክር እዚያም ዘጋባት።

«እርርርር።»

«ግራጬ፣ አሳልፈኝ» አለችው። «እማዬ እየጠራችኝ ነው።»

ግራጬ አላሳለፋትም።

ትርንጎ አሰበች። ድምፁ ወደዚህ ነይ ይላል። ውሻው አትሂጂ ይላል። ውሻው ደግሞ ውሸታም ነው። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

ያን ጊዜ ጫማዋ አንድ ድንጋይ ነካ። ድንጋዩ ተንከባለለ።

«ገርገር… ገርገር…»

ከዚያ ዝም።

ትርንጎ ድንጋዩ ሲወድቅ ለመስማት ጠበቀች። ጠበቀች። ምንም አልተሰማም። ገደሉ ያን ያህል ጥልቅ ነው።

ትርንጎ አልጮኸችም፤ አልተንቀሳቀሰችም። እንቁላሉን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«እሺ» አለችው። «አንተ ምራኝ።»

ግራጬ ዞረ። መራመድ ጀመረ። ሰውነቱ ግራጫ ስለሆነ ጉሙ ውስጥ ጠፋ። ቀዩ ጥብጣብ ግን አልጠፋም።

ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል። ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል።

«ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ።»

ትርንጎ በዓይኗ ጥብጣቡን፣ በጆሮዋ ኮቴውን ተከተለች። ሜዳውን አቋረጡ። ጭቃውን አለፉ። የድንጋዩን አጥር ዞሩ።

ትርንጎ ስትዘገይ ጥብጣቡ ቆሞ ይጠብቃታል። ስትደርስበት እንደገና ይሄዳል።

«ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ።»

ከተማው ዳር ሰዎች ቆመዋል። ጉሙን እያዩ ነው።

በመጀመሪያ ያዩት ቀይ ነገር ነው። ብቻውን በነጩ ጉም ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ሰዎቹ ምን እንደሆነ አላወቁም። አንድ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ከዚያ ጥብጣቡ እግር አወጣ። እግሩ ውሻ ሆነ።

ከውሻው ኋላ ትርንጎ መጣች። እጇ ላይ እንቁላሉ አለ። አልተሰበረም።

አስካለ ትሪውን ጣለችው። «ኳኳኳር!» ሮጣ ልጇን አቀፈቻት።

ትርንጎ ገደሉን፣ ድምፁንና ድንጋዩን ነገረቻቸው። ጋሽ ልመንህ ወደ ሥጋ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ የያዘው መጥረጊያ አልነበረም። ከሁሉ የሚበልጠውን አጥንት ነው።

ወደ ማታ ሁሉም አስካለ ቤት ተሰበሰቡ። እሳት ነደደ። እንቁላሉ ተቀቀለ። ትርንጎ ለሁለት ከፈለችው። አንዱን ለራሷ ያዘች፤ አንዱን ለግራጬ ሰጠችው።

ግራጬ በላ። አጥንቱንም በላ። «ቀርጭ! ቀርጭ! ቀርጭ!» ከዚያ ተነሣና ወደ በሩ ሄደ። ቤት ውስጥ ተኝቶ አያውቅም።

«ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ… ዝም።»

ጋሽ ልመንህ መሳቅ ጀመረ። «ይኸው ጀመረው» አለ። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ በየትኛው ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። የግራጬን እግር እያየች ነበር። ያነከሰው ጥብጣብ የታሰረበት እግር ነው።

ተንበረከከች። እግሩን ጭኗ ላይ አደረገች። ጥብጣቡ በደም ርሷል። ቀይ ስለሆነ ማንም አላየውም።

ገልብጣ ውስጥ እግሩን አየች። እሾህ አለ። እንደ ትርንጎ ትንሿ ጣት የሚረዝም እሾህ፣ እስከ መጨረሻው ገብቷል።

ሳቁ ቆመ። አስካለ መብራት ያዘች። ጋሽ ልመንህ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ እሾሁን አወጣው። ግራጬ ሁለት ጊዜ አለቀሰ፤ ግን አልነከሰውም።

ጋሽ ልመንህ እሾሁን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አየው።

«አጋም ነው» አለ። «አጋም ያለው ገደሉ አፍ ላይ ብቻ ነው።»

አስካለ ቁስሉን በሞቀ ውኃ አጠበች። ትርንጎ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችለት። እሳቱ ዳር ጆንያ አነጠፉለት። ግራጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ተኛ።

ትርንጎም ብርድ ልብሷ ውስጥ ገባች። ውጭ ጉሙ አሁንም አለ። ዓይኗን ጨፍና፣ ከገደሉ አፍ እስከ ቤት ድረስ ስትከተለው የመጣችውን ኮቴ በልቧ ሰማችው።

«ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ።»

አራት ነበር። መንገዱን ሁሉ አራት ነበር።