የሰፍያ ቀሪ ገጾች

«አን… ዲስ… ኢም… ሚስ…»

ድምፁ የመጣው ከችፑዱ ግድግዳ ወዲያ ነው። ሙከሚል የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አጥፍቶ ጆሮውን ሰጠ። መጀመሪያ ዕቃ የምትቆጥር ሴት መስላው ነበር። ልጅቷ ተሳስታ «አንቺ ደደብ!» ብላ ራሷን ሰድባ እንደገና ከ«አን» ስትጀምር ሲሰማ ግን ሳቁ አመለጠው። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከሳቀ ስንት ጊዜው!

ከሰዓት በኋላ ባለድምፅዋ ራሷ መጣች። የጎረቤቱ የጨርቅ ነጋዴ የከድጄ የወንድም ልጅ ናት፤ ሰፍያ ትባላለች። ዳር ዳሩ የተበላ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በሁለት እጇ አቅፋለች።

«አሰላሙ አለይኩም። ይሄን ሙሉውን ኮፒ አድርግልኝ። የሰው ነው፤ ነገ ይመለሳል።»

«ወአለይኩም ሰላም። መብራት የለም እኮ። ትተሽው ሂጂ።»

«እንዳትጥለው ብቻ!»

«‹አን፣ ዲስ› የምትይው አንቺ ነሽ?»

ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ያ ረቢ! ይሰማል እንዴ?»

አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሙከሚል መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገጽ ኮፒ አደረገ። በማግስቱ ግን ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መጽሐፉንና ሰባት ገጽ ብቻ ሰጣት።

«ቀሪው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ቀለሙ ስለደከመ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አወጣልሻለሁ።»

ለምን እንደዋሸ የገባው ከወጣች በኋላ ነው። ሁሉንም ቢሰጣት ነገ የምትመጣበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

እናም በየቀኑ መጣች። ሙከሚል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የጣለው ሒሳብ እንጂ እንግሊዝኛ አልነበረም፤ ያስረዳት ጀመር።

«ሃፒ ደስተኛ ማለት ነው። ከፊቱ ‹አን› ስትቀጥዪበት ደስታው ይሄዳል።»

«በሁለት ፊደል?»

«በሁለት ፊደል።»

«ለመመለስስ ስንት ይፈጃል?»

ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ለመመለስ ትንሽ ዘገየች። ከግድግዳው ወዲያ ከድጄ ጮኸች፦

«ሰፍያ! እዚያው ተዳርሽ እንዴ?»

«እያጠናሁ ነው፣ አክስቴ!»

አረፋ ሲደርስ ለበዓሉ ከመርካቶ የመጣ አንድ ነጋዴ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። ሰፍያ ይህን የነገረችው ከሦስት ቀን በኋላ፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን እየነከሰች ነው።

«አባቴ ‹የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቷ ይታይ፤ ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች የእናንተው ናት› አላቸው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» ቀና አለች። «አምናም የጣለኝ እንግሊዝኛ ነው፣ ሙኬ። ስንት ቀረኝ?»

«አንድ ምዕራፍ። ከቃል ኋላ የሚቀጠሉት።»

«ዛሬ ስጠኛ!»

መሳቢያው ጉልበቱ አጠገብ ነበር፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ። «ሐሙስ» አላት። ሐሙስ ከገጾቹ ጋር የልቡንም ሊነግራት፣ ቃሉን ገና እየመረጠ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ተፈታኞች በድንገት «ዛሬውኑ ወደ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ውጡ» ተባሉ። ሙከሚል ገጾቹን ደረቱ ላይ ለጥፎ እየሮጠ መናኸሪያ ሲደርስ አውቶቡሱ ወጥቷል። የፈተናው ግቢ ስልክ ስለማያስገባ ስልኳንም ለከድጄ ትታላት ሄዳለች። ገጾቹን ይዞ ተመለሰ። ያን ቀን ኮፒ ሊያስደርግ የመጣውን ሰው ሁሉ «ማሽኑ ተበላሽቷል» እያለ መለሰ።

ውጤት የወጣው መስከረም ላይ ነው። ሰፍያ ገብታ ሳትቀመጥ፣ «በሦስት ነጥብ ወደቅኩ» አለች። «በሦስት ነጥብ ብቻ፣ ሙኬ። ከኬር ኋላ ምን ይቀጠላል፣ ከሆም ኋላ ምን ይቀጠላል የሚሉ መጡ። ዝም ብዬ ገምቼ አጠቆርኩ። ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ተጠርተዋል።»

ሙከሚል መሳቢያውን ከፈተ። ምዕራፉ አንድም ገጽ ሳይጎድል የማሽኑ መስታወት ላይ ተቀመጠ።

ሰፍያ ገጾቹን በጣቷ ነካቻቸው። «መቼ ነው ያወጣኸው?»

«መብራት በመጣ ቀን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እንዳትቀሪብኝ ብዬ ነው፣ ሰፍያ። እወድሻለሁ።»

ያን ሁሉ ወር ሲያሽሞነሙነው የከረመው ቃል ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ቃል ተሰብሮ ወጣ። ሰፍያ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።

«አስተምረኝ።»

«አሁን?»

«አዎ፣ አንብብልኝ።»

አነበበላት። «ኬር ጥንቃቄ ነው። ከኋላው ‹ፉል› ሲገባ ጠንቃቃ። ‹ለስ› ሲገባ…»

«ግድየለሽ» አለች ቀድማው።

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እንደ ወትሮዋ በእስክሪብቶ ከሥር እያሰመረች ተከተለችው። አንድ ቦታ ላይ እንዲደግምላትም ጠየቀችው። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ሙከሚል ይቅር ያለችው መሰለው። ዛሬውኑ አባቷ ዘንድ ሄዶ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ሊናገር፣ አንድ ዓመት እንዲታገሷት እግራቸው ላይ ወድቆ ሊለምን አሰበ።

ሰፍያ እስክሪብቶዋን ከደነችና ተነሳች።

«ገና አልጨረስንም እኮ። ወዴት ነው?»

ቆማ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ጥላቻ ፈልጎ አላገኘም። ሌላውን ለመፈለግ ደግሞ ጊዜ አልሰጠችውም። ገጾቹን እዚያው ትታ ወጣች። ከድጄ ከሱቋ ደጃፍ «ሰፍያ! ኧረ አንቺ ልጅ!» ብላ ተጣራች። ሰፍያ አልዞረችም። አንድ ባዶ ባጃጅ አስቁማ «ወደ ቤት» ብላ ገባች።