በቢሆነኝ ስም የወረደው ሙሾ

ሹፌራችን ቢሆነኝ ድምፁን ያጣው በእኔ ምክንያት ነው።

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ላሳምናችሁ አልለማመጥም፤ የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይለፈው። አርብ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሲማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ከተማ ዳር። ጨለማ አልነበረም። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

"በድምፅ ቀድተሽ ላኪልን" የምትሉኝ ተዉኝ። በጽሑፍ ብቻ ነው የምነግራችሁ።

የምጽፈው ስላስቸገራችሁኝ ነው። "ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ሠርተሻል አሉ፤ እንመዝገብ ወይስ ይቅርብን?" እያላችሁ በየቀኑ ትጠይቁኛላችሁ። የኩባንያውን ስም አልጠራም።

መልካሙን ላስቀድም። ደመወዝ በቀኑ ይገባል። አዲስ ላፕቶፕ ይሰጣችኋል። ማንም አይጮህባችሁም። የማን ልጅ ነሽ፣ ማን ላከሽ የሚል የለም። የእናቴን አንድ ዓይን ያሠራሁት በእነሱ ኢንሹራንስ ነው። ሁለተኛው ዓይኗ እኔ ቋሚ እስክሆን ይጠብቅ ነበር።

መጥፎው...

መጥፎውን ከዚህ በታች አንብቡት።

ሥራዬ ድምፅ መሰብሰብ ነበር። ማሽኑ የገጠሩን አማርኛ እንዲማር በጋይንት፣ በሲማዳና በእስቴ እየዞርን ሰው እንቀዳለን። ወግ፣ ምርቃት፣ ጠብ፣ የሠርግ ዘፈን። በዚያ አርብ የቀረን ሙሾ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው አለቃዬ አዜብ ጠዋት መልእክት ልካልኛለች። "ሙሾው ዛሬ ከገባ ሰኞ ቋሚ ነሽ።"

ቢሆነኝ አፉ አያርፍም። ከአርብ ገበያ ከተማ ተነሥተን ወገዳ እስክንደርስ መንገዱን፣ አህዮቹን፣ እኔን ሲነቅፍ ነው የመጣው።

"አለቃ፣ ይሄ መንገድ የአባት ቂም ነው። የልጅ ልጅም አይጨርሰው።"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

"ዝም ካልኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። እኔን ዝም የሚያሰኝ አፈር ብቻ ነው።"

ይችን ነው ያለው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

አልቃሿ እትዬ አዛለች ይባላሉ። እሳቸው ያላለቀሱለት ሰው የሞተ አይመስልም ይላሉ የአገሬው ሰዎች። "ማን ልበልሽ?" አሉኝ ደጃፍ ላይ። "የኔነሽ" አልኳቸው። ጓዳቸውን መረጥኩ። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ አለው፣ ጥጉን ጎታ ሞልቶታል፤ ድምፅ አያስተጋባም። ማይክራፎኑን አቆምኩ። ቢሆነኝ ውጭ መኪናው ውስጥ ጋደም አለ።

እትዬ አዛለች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

"ሟቹ ማነው?"

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ለሥራ ነው። እንዲያው የመጣልዎትን ስም ጠርተው ያልቅሱ።"

"ልጄ፣ ሙሾ ያለ ሰው አይወርድም።"

"እሺ፣ ድሮ የሞተ ሰው ይጥሩ።"

"እሱማ አንዴ ተለቅሶለታል። ምን በወጣው ሁለቴ ይጠራል? ይረፍበት።"

የላፕቶፑ ባትሪ እያለቀ ነው። መብራት ከጠፋ ሰነባብቷል። እኔም የሲማዳ ልጅ ነኝ፤ በቁም ባለ ሰው ስም ሙሾ እንደማይወረድ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የወጣሁት በዚህ ልታሰር አይደለም።

አፌ ላይ የመጣውን ስም ጠራሁ።

"ቢሆነኝ ይባላል። የሥራ ባልደረባችን ነበር። በቅርብ ነው ያረፈው። ደህና አልቃሽ አላገኘም።"

"እኔን... ሥራው ምን ነበር?"

"ሹፌር።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጀመሩ።

"የመኪናው ጌታ፣ የመንገዱ አውራ፣
ተነሣ ቢሆነኝ፣ መንገደኛ ጠራ።"

ደረታቸውን እየደቁ ደጋገሙት። እንባቸው የእውነት ነበር። እኔ ግን የማየው ስክሪኑን ነው።

ማሽኑ የሰማውን እዚያው ይጽፋል። ተናጋሪው ሲለወጥ እሱም መስመር ይለውጣል።

ተናጋሪ አንድ፦ ተነሣ ቢሆነኝ...

ከሥሩ ሌላ መስመር ወጣ።

ተናጋሪ ሁለት፦ አቤት።

ጓዳው ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እኔ አልተነፈስኩም።

እንደገና ጠሩት።

ተናጋሪ ሁለት፦ አቤት።

"ብልሽት ነው" አልኩ በሆዴ።

ከዚያ "ተናጋሪ ሁለት" የሚለው ተሰረዘ... በቦታው ስም መጣ። ስንቀጠር ሁላችንም ድምፃችንን አስመዝግበናል፤ የእኛ ድምፅ ከገበሬው ድምፅ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ማሽኑ ያውቀናል።

ቢሆነኝ፦ አቤት።

ቀረጻውን አቆምኩት። ሲቆም በራሱ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አንዴ ከሄደ ማጥፋት የምትችለው አዜብ ብቻ ናት።

ወጣሁ።

ቢሆነኝ መሪው ላይ ተደፍቷል። ትከሻውን ነቀነቅኩት። ቀና ብሎ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ...

ምንም።

"አትቀልድ።"

ጉሮሮውን በሁለት እጁ ያዘ። እየቀለደ አልነበረም።

እትዬ አዛለች ተከትለውኝ ወጥተው ኖሯል።

"ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?"

"ጉንፋን ነው፣ እትዬ።"

"ማን ይባላል?"

የመኪናውን በር ልዘጋ ዞርኩ። ወደ መኪናው ቀረብ አሉና በሹክሹክታ ጠሩ።

"ቢሆነኝ?"

ዞሮ አያቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። ክንዴን ጨምድደው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"አጥፊው።"

"ምኑን?"

"ከኔ የወሰድሽውን። ከጠፋ ይመለስለታል። ከቆየ ግን... እኔ ጠርቻለሁ፣ እሱም ወይ ብሏል። ሌላውም አካሉ ድምፁን ተከትሎ ይሄዳል።"

"እሺ፣ አጠፋዋለሁ።"

ለአዜብ ልጽፍ ስልኬን ሳወጣ የሷ መልእክት ቀድሞኛል።

"በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ተቀባዩ ማነው? እንዲህ የሚቀባበል ሙሾ ስንፈልግ ነበር። በሌላ በሌላ ስምም ጨምሪልን። የቋሚነትሽን ነገር ጨርሻለሁ።"

'ይጥፋ' ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ጣቴ ፊደሉ ላይ ነበር። የእናቴ ዓይን ትዝ አለኝ። አልዋሻችሁም... የእናቴ ዓይን ባይኖርም ያው ነበር።

"አመሰግናለሁ" ብዬ ጻፍኩ።

ያን ቀን እዚያው ወገዳ አደርን። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። "ጉሮሮው ንጹሕ ነው" አሉን። ከዚያ ሻይ ቤት ተቀመጥን። አስተናጋጇ አንድ ብርጭቆ ሻይ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

"ሁለት ነን" አልኳት።

"እሺ፣ ሌላው ሲመጣ አመጣለሁ።"

ቢሆነኝ አጠገቧ ነበር። ክርኑ ቀሚሷን ነክቶታል።

እጁን አወዛወዘላት። ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠርጋ ሄደች።

ያኔ ስልኬ ጠራ።

ደዋዩ፦ ቢሆነኝ ሹፌር።

የእሱ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስክሪኑ ጨልሟል።

አነሳሁት። የጠጠር መንገድና የሞተር ድምፅ ይሰማል... ከዚያ የሱ ድምፅ።

"አቤት... አለቃ፣ ማነው የጠራኝ? ይሄ መንገድ አያልቅም እኮ።"

ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ቢሆነኝ አፉን ገጥሟል። ሰምቶታል። እንባው በጉንጩ ወረደ። እጄን ያዘኝ፤ እጁ ክብደት አልነበረውም።

ስልኩን ዘጋሁት። ሻዬን ጨረስኩ።

እንደምትሰድቡኝ አውቃለሁ። ግን ቋሚ ሥራ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ አታውቁም።

ከሰዓት ወደ እትዬ አዛለች ተመለስን። መንገድ ላይ አህያ የሚነዱ ሰዎች ቆመው መኪናው ላይ አፈጠጡ። እኔን አላዩም። የሚያዩት የሹፌሩን ወንበር ነው። አንዱ አማተበ።

እትዬ አዛለች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አጠፋሽው?"

"አጠፋሁት፣ እትዬ።"

"ልጁ ተናገረ?"

"ሲቀደድ ነው የዋለው። መኪና ውስጥ ነው።"

በትከሻዬ ላይ አሻግረው መኪናውን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ባዶ ነው" አሉ።

ዞር አልኩ። እኔ ግን አየዋለሁ፤ እጁ መሪው ላይ ነው። እጁ ብቻ።

"ወጣ ብሎ ይሆናል" አልኩ። "እትዬ፣ አዲስ አበባዎች ወደውታል። ሌላ ሙሾ ይፈልጋሉ። ይከፍላሉ።"

እንቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ብድግ አሉ።

"ግቢ እንግዲህ።"

ጓዳ ገባን። ማይክራፎኑን አቆምኩ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

"የዛሬው ሟች ማነው?"

ከትናንቱ ተምሬ ነበር። ስም ካልሰጠሁ ጥፋቱ የእኔ አይሆንም።

"የፈለጉትን ይጥሩ። እርስዎ ይምረጡ።"

"እኔ ልምረጥ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንዳትቆጪ።"

"ቶሎ ይበሉልኝ፣ ባትሪው..."

ዓይናቸውን አልጨፈኑም በዚህኛው። እኔን እያዩ ነው የጀመሩት።

"ቀለም የጠገበች፣ ሁሉን የምታውቅ፣
የኔነሽ የት አለች? እናቷ ስትጠይቅ።"

ልነሳ አልኩ። ግን ተጠርቻለሁ።

አፌን በሁለት መዳፌ አፈንኩት። ከንፈሬን ነከስኩ። ደም ቀመስኩ።

"የኔነሽ..."

ስክሪኑ ላይ መስመሩ ተለወጠ።

የኔነሽ፦ አቤት።

አንዴ ጠሩ፣ አንዴ ድምፄ መለሰ። ዳግመኛ አልጠሩም። ነጠላቸውን አቃኑ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ተነሱ።

"አሁን አጥፊው" አሉ።

ቀረጻው ቆሟል። ከሥሩ አረንጓዴ ጽሑፍ በራ... "ተልኳል።"

"እትዬ፣ ይጠብቁኝ" ልል አፌን ከፈትኩ።

አፌ ባዶ ነበር። ቃሉ የመጣው ከላፕቶፑ ነው፣ በገዛ ድምፄ፣ ጥርት ብሎ።

"እትዬ፣ ይጠብቁኝ።"

እኔ ወዳለሁበት አላዩም። ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አሉ።

"ደህና ዋይ፣ ልጄ" አሉት።

ወጡ። በሩንም ከውጭ ዘጉት።